እናቴ «ዶሮ» ያለችው ፈቃድ

እናቴ መንግሥት ሳይፈቅድላት ግድግዳ አፍርሳለች። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ከዚህ በኋላ ስለሷ የምለው ሁሉ ፍቅር ስለሚበዛበት አንባቢ ጥፋተኛ መሆኗን እንዳይረሳ ብዬ ነው። የፈረሰው ግድግዳ ደግሞ የኔ ቤት ግድግዳ ነው።

ቤቱ ጅቡቲ ከተማ፣ ሆዳን ውስጥ፣ አዲሶቹ ቤቶች በተደረደሩበት በኩል ነው። እኔ አምቡሊ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ በፈረንሳይኛ ስለ ሰው ዕቃ ስጨቃጨቅ ስለምውል ስመለስ የምፈልገው ጸጥ ያለ ቤት ነበር። ሆዳንን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። በሩ ይዘጋል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሰላም ተባብሎ ወደየቤቱ ይገባል። አላገባሁም፤ ይህን ደግሞ እናቴ እንድረሳው አትፈቅድልኝም።

እናትና አባቴ ከቆየ ሰፈራቸው ከካርቲዬ ሁለት ለቀው ወደኔ የመጡት አባቴ ከታመመ በኋላ ነው። አባቴ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ቡላኦስ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ ነው ያረጀው። ከሶማሌው ጋር በሶማሊኛ፣ ከአፋሩ ጋር በአፋርኛ፣ ከየመኑ ጋር በዓረብኛ፣ ከፈረንጁ ጋር በፈረንሳይኛ ይከራከራል፤ ሲናደድ አራቱንም ይቀላቅላቸዋል። አንድ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ቁልፉን እንደያዘ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ምላሱ አብረው ከዱት። እጁ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ምላሱ ግን አኩርፎ ቀረ። ሱቁንም ለቀቅን።

ካርቲዬ ሁለት ቢሆን ኖሮ ዝምታው ያን ያህል አይታወቅም ነበር። እዚያ በርና መንገድ አንድ ነው። ተኝተህ እንኳን የማን ልጅ እንደተመታ፣ የማን ሚስት እንዳኮረፈች፣ ዓሣ ዛሬ ስንት እንደገባ ትሰማለህ። ሆዳን ግን እኔ የወደድኩት ጸጥታ አባቴን ዋጠው። ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። ስናናግረው በዐይኑ ይመልሳል፤ እኛም በዐይን መነጋገር ለመድን። ሐኪሙ «ሰው ያስፈልገዋል፤ ሰው ያናግረው» አለን። ማን ያናግረው? እኔ ሥራ ነኝ። እናቴን ዕድሜ ልኩን ሲያናግራት ኖሯል፤ ምን አዲስ ነገር አላት?

የመጀመሪያው ረመዳን ሲገባ እናቴ ሙሸበክ ጠበሰች። በድሬዳዋ አሠራር፣ ሊጡ ዘይቱ ላይ እየተጠመዘዘ ይወርድና ተጠብሶ ሲያበቃ የፈላ ስኳር ውስጥ ይነከራል። ለየጎረቤቱ በሳህን ላከች። ሳህኖቹ ተመለሱ፤ ነገር ግን ባዶአቸውን አልመጡም፣ ጥያቄ ይዘው መጡ። «ነገም ትሠሪያለሽ? እህቴ ጋ ልወስድ ነበር። እንግዳ አለብኝ፤ እንደው በገንዘቤ።» ቀጥሎ ባለው ሳምንት ከሥራ ስመለስ በመንገዱ በኩል የነበረችው ትንሿ መስኮት ፍርግርጓ ተቆርጦ፣ ከሥሯ ያለው ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ ፈርሶ፣ ሰፊ ሳንቃ ተጋድሞበታል። ከላይ ሸራ ተወጥሯል። አባቴ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙ ተላጭቶ፣ ሳንቃው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መስኮት ነው።»

«መስኮትማ ነበረን!»

«እሱ መስኮት አልነበረም፤ ቀዳዳ ነው።»

ቱግ የምል ሰው ነኝ። ስለ ደንብ፣ ስለ ቤቱ ውል፣ ስለ ጎረቤት ልጀምር አፌን ስከፍት የመጀመሪያዋ ደንበኛ መጣች። ግድግዳ የምንጋራት ሶማሌ ጎረቤታችን ነበረች፤ ሴትዮዋ ድምፅዋ ከመጠን ያለፈ፣ ልቧም እንደዚያው። በሶማሊኛ ሰላም ብላ የምትፈልገውን ተናገረች። እናቴ ፊቷ ላይ ግራ መጋባት አምጥታ ወደ አባቴ ዞረች።

«ምን ትላለች? አንድም ነገር አልገባኝም።»

እኔ ክው አልኩ። እናቴ እኔ ሳልወለድ ጀምራ በዚህች ከተማ የኖረች ሴት ናት። በሶማሊኛ ትገዛለች፣ በሶማሊኛ ትታረቃለች፣ ቡላኦስ ላይ ዋጋ የጨመረ የታክሲ ሹፌርን በሶማሊኛ ስታስለቅስ በዐይኔ አይቻለሁ። ልናገር ስል አየችኝ። ያቺን አስተያየት ልጅ ሆኜ እንግዳ ፊት ስቁነጠነጥ ታየኝ ነበር። አፌን ዘጋሁ።

አባቴ እናቴን ለረጅም ጊዜ አያት። ጎረቤታችንን አያት። ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን እየተጎተተ ታገለ፣ ላብ አወጣ፤ በመጨረሻ «አ... አምስት» አለ። «አምስት ትላለች።»

«እሰይ! አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» አለችው እናቴ፤ አምስት ሙሸበክ አንስታ ጠቀለለች።

ወጥ ቤት ገብቼ ያዝኳት። «ሶማሊኛ ጠፋብሽ እንዴ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል። ረስቶታል። ሐኪሙ ብዙ ነገር ሊረሳ ይችላል አላለም? እኔ ሶማሊኛ መቻሌን ረስቶታል፤ አልሐምዱሊላህ። እንዳታስታውሺው!»

ለጎረቤታችንም በጓሮ በኩል፣ በዚያው ጠፋ በተባለው ሶማሊኛ፣ ሁሉን ነገር አስረዳቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ጓሮ ስትሆን ሶማሊኛ ተናጋሪ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ዲዳ ሆነች። ጎረቤታችን ጨዋታውን ከኛ ይበልጥ ወደደችው፤ መስኮቱ ላይ ስትቆም ከእናቴ ጋር በእጅ ምልክት ትግባባና የቀረውን ለአባቴ ትተዋለች። ሌሎቹም ደንበኞች ነገሩን ከሷ ሰምተው ለመዱት።

የአባቴ ቃላት የተመለሱት በገበያ ተራ ነው። መጀመሪያ ቁጥር መጣ፤ ቀጥሎ «ትኩስ ነው»፣ «ጨርሰናል»፣ «ነገ ነይ»። ከዚያ ሰላምታ፣ ከሰላምታው ደግሞ የቤተሰብ ጥያቄ። አንድ ቀን ፊት ለፊታችን የሚኖሩት አፋር ሽማግሌ፣ ወደብ ሠርተው ጡረታ የወጡት፣ ስኳር ሐኪም ከልክሏቸው ተደብቀው ሊገዙ ሲመጡ «ለሚስትህ እነግራለሁ» ብሎ በአፋርኛ አሾፈባቸው። ሽማግሌው ሙሸበካቸውን እንደያዙ በሳቅ ተንከተከቱ። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ግን ቅናት ያዛት። «ለደንበኛ ምላሱ ይፈታል፤ ለኔ ሲሆን እህ! እህ! ብቻ» እያለች ታማው ጀመር።

በዚህ መሀል ነው ወረቀቱ የመጣው። አንድ የቢሮ ሰው በመንገዱ ሲያልፍ መስኮቱን አይቶ ኖሯል። ቦታው ለመኖሪያ ብቻ የተሰጠ ስለሆነ ግድግዳ ከፍቶ መነገድ አይቻልም፤ ወይ ግድግዳው እንደነበረ ይመለስ፣ ወይ ዴሮጋስዮን ይጠየቅ ይላል። እራት ላይ አነበብኩላቸው።

«የምን ዶሮ ነው ደግሞ? እኛ ምን ዶሮ አለን?» አለች እናቴ።

«ዶሮ አይደለም እማዬ። ዴ... ሮ... ጋስዮን። ደንቡ ለሰው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ለአንቺ ቤት ብቻ ለየት አድርገው ሲፈቅዱልሽ ማለት ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ዶሮ እንበለውና ይቅለለን።»

አባቴ ሳቀ። የያዘው ጉርሻ ከአፉ እስኪወድቅ ድረስ ሳቀ። ከታመመ ጀምሮ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም፤ ስለዚህ ስሙ ዶሮ ሆኖ ጸደቀ። «ዶሮው ምን ደረሰ? ዶሮውን ማን ይዞታል?» እየተባለ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ።

ማመልከቻውን እኔ ነኝ የጻፍኩት። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እናቴ ከኋላዬ ቆመች። «የሱን ሕመም እንዳታነሺ።» ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም ወይ ብላት «ነው፤ ቢሆንም ሰው ፊት ይነበባል። እኔን ለመርዳት የተቀመጠ ነው የሚመስለው፤ እንዲያ ይምሰለው» አለችኝ። ክርክሩን አሸነፈች። ለቤተሰቡ መተዳደሪያ እንዲሆን ብዬ ጻፍኩ። ማመልከቻውን የተቀበለኝ ወጣት ሰውዬ ጨዋ ነው፣ ጥቁር መነጽሩን ቢሮ ውስጥም አያወልቅም እንጂ። ራሱ መጥቶ ቦታውን እንደሚያይ፣ ጎረቤቶችንም ሥራው ያውካችሁ እንደሆነ ብሎ እንደሚጠይቅ ነገረኝ።

«ጎረቤቶቹን እንንገራቸው» አልኳት እናቴን።

«አንቺ አትድከሚ፤ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ነገረቻቸው። ግን የነገረቻቸው መስኮቱ ላይ፣ አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ ነው። አባቴ ካለ ደግሞ ሶማሊኛ የለም። ስለዚህ ለጎረቤታችን በአማርኛ፣ ጮክ ብላና ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጋ «ዶሮ! የኔ ዶሮ! ከቢሮ ሰው ይመጣል፣ ዶሮ ሊያይ! ዱዓ አድርጊልኝ!» አለቻት። የጎረቤታችን አማርኛ ከሰላምታ አይዘልም። ዶሮ ግን በአማርኛም በሶማሊኛም ዶሮ ነው፤ በአፋርኛም ብዙ አይርቅም። ሴትዮዋ ዶሮውንና የቢሮውን ሰው ገጣጠመች፤ ምስኪኗ ጓሮዋ ውስጥ ዶሮ ደብቃ ታረባለች፣ ከቢሮ ሊይዟት ነው። በኛ ሰፈር እንስሳ ማርባት እንደማይፈቀድ ሁሉም ያውቃል፤ ፍየል ያመጣ ሰው ጉዱ ፈልቶ ነበር። ጎረቤታችን እየሮጠች ለመንደሩ አዳረሰች።

ሰውዬው የመጣው እናቴ አባቴን ሐኪም ቤት በወሰደችበት ጠዋት ነው። እኔም አምቡሊ ነኝ። መስኮቱ በጣውላ ተዘግቶ፣ ሸራው ተጠቅልሎ፣ ቤቱ የሞተ ይመስላል። ጎረቤቶቹን ጠይቆ ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ አንድም ሰው ሳያዛንፍ ለኛ ዋሸ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልሱ ደረሰኝ። በቦታው ምንም ሥራ እንደማይሠራ ተረጋግጧል፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ስለሌለ ማመልከቻው አያስፈልግም፤ መስኮቱም አገልግሎት ስለሌለው ግድግዳው ተደፍኖ ይመለስ። ደሜ ፈላ። ከሥራዬ ፈቃድ ወስጄ፣ ታክሲ ይዤ፣ የሰውዬውን ቢሮ በር ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ምንም ሥራ የለም ያለህ ማን ነው?»

ሰውዬው ረጋ ብሎ ማስታወሻውን ገለጠ። «ከቤታችሁ ጎን ያለችው እመቤት ድምፅ ሰምታ አታውቅም፣ ሽታ ሸቷት አያውቅም። አንዲት ላባ እንኳን በዚያ ቤት አይቼ አላውቅም ብላ ማለችልኝ።»

«ላባ?»

«እኔም ገርሞኛል። ስለ ላባ አልጠየቅኋትም። ፊት ለፊት ያሉት አዛውንት ደግሞ እዚያ ቤት ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት የምትቆጣ ልጅ ብቻ ናቸው፣ ሌላ ነፍስ ያለው ነገር የለም አሉኝ።»

መጀመሪያ የምትቆጣ ልጅ የሚለው አበሸቀኝ። ቀጥሎ ላባው ገባኝ። ሳቄን ልይዘው ብሞክር አልያዝልሽ አለኝ፤ ወንበሩን ይዤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ሰውዬው ውሃ ሊያመጣልኝ ተነሣ። እናቴ ዴሮጋስዮንን ዶሮ እንዳደረገችው ሳስረዳው እሱም ሶማሌ ነውና ወዲያው ገባው፤ በማስታወሻው አፉን ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሲጨርስ ግን ፊቱን ሰበሰበ። «አንድ ጊዜ እንደገና እመጣለሁ። ያን ጊዜም ግልጽ ካልሆነልኝ ግን ግድግዳው ይደፈናል፤ ከኔ ሥልጣን ውጭ ነው።»

ወደ ቤት ስመለስ በመንገድ ላይ ሳቁ ለቀቀኝ። መስኮቱ ከተደፈነ አባቴ ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ ስንት ላብ አፍስሶ ያገኛቸው ቃላት ይበተናሉ። ሙሸበክማ ሳይሸጥ ቢቀር ምን ይመጣል? የኔ ደመወዝ ሦስታችንን አላስራበንም። የፈራሁት ያንን ጸጥታ ነው።

ጎረቤታችን ያደረገችውን ስታውቅ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች። «ለሷ ብዬ እኮ ነው! ቁርአን ቢያመጣ ኖሮ እሱንም ልመታ ነበር!» ካለች በኋላ «ቆይ፣ እኔ ያበላሸሁትን እኔው አስተካክለዋለሁ» ብላ ዛተች። ያ ዛቻ ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሰውዬው ሲመጣ መስኮታችን ፊት ለፊት ሠርግ ያለ ነው የሚመስለው። የመንደሩ ሴት በሙሉ ሳህኗን ይዛ ተሰልፋለች፤ አፋሩ ሽማግሌ ሳይቀሩ በግልጽ፣ ሚስታቸውን አስከትለው ቆመዋል። መኪና ማለፊያ አጥቶ ጥሩንባ ይነፋል። ጎረቤታችን ሰውዬውን እንዳየች እጇን ዘርግታ «አየህ? ሁልጊዜ እንዲህ ነን! ጠዋት ማታ እንዲህ ነን!» አለችው። ደንቡን አንብቤዋለሁ፤ ከሚያስከለክሉት ነገሮች አንዱ መንገድ የሚዘጋ የሰው ግርግር ነው።

ሰውዬው ሰዎቹን በትሕትና ገለል አደረጋቸው፤ እነሱም ሁለት እርምጃ ሄደው ጆሯቸውን ሰጥተው ቆሙ። ሳንቃውን ለካ፣ ሸራውን አየ፣ አንድ ሙሸበክ ተሰጠውና በላ፣ ሌላም በላ። እናቴ በአማርኛ «ብላ ልጄ፣ አንተ ደግሞ ከስተሃል» አለችው። ድሬዳዋ ላይ እርስዎ የሚባል ነገር የለም፤ ሚኒስትርም ቢመጣ አንተ ነው። ከዚያ ሰውዬው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በሶማሊኛ ተናገረ።

«ሥራ እንዳለ አየሁ። ግን ማመልከቻው ለመተዳደሪያ ነው ይላል። ለመተዳደሪያ ከሆነ ቡላኦስ ገበያ ቦታ አለ። እዚህ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ መተዳደሪያ ይፈልጋል፤ ለናንተ ብፈቅድ ነገ ሁሉም ግድግዳውን ያፈርሳል። ዴሮጋስዮን የሚሰጠው ሌላ ቤት ውስጥ የሌለ ነገር አንድ ቤት ውስጥ ሲኖር ነው። እዚህ ቤት ምን አለ? እሱን ንገሩኝ።»

እናቴ እንደ ልማዷ ወደ አባቴ ዞራ «ምን ይላል?» አለችው። ድምፅዋ ግን ቀጥኗል፤ የተባለው ከኔ ቀድሞ ገብቷታል።

አባቴ አልተረጎመም። ሳንቃውን ያያል። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፣ እናቴ ታውቀዋለች፣ ጎረቤታችን ታውቀዋለች፣ ሳህን ይዘው የቆሙት ሁሉ ያውቁታል። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ከተናገርን አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ ማንም ሰው አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ሲለፋ እንደኖረ ይሰማል፤ ዝም ካልን ግድግዳው ይደፈናል። እኔ ዝምታ አልችልም። በሶማሊኛ «እውነቱን ልንገርህ፣ እዚህ ቤት...» ብዬ ስጀምር እናቴ አንጓዬን ያዘችኝ። ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ።

«ተይ» አለችኝ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ። «ይደፈን።»

«እማዬ!»

«ይደፈን አልኩሽ። ሰው ፊት እንዲያ አይባልም።»

አባቴ ይህን ሰማ። ደህና እጁን ሳንቃው ላይ ጭኖ፣ ተደግፎ፣ ከወንበሩ ተነሣ። ሰውዬውን ትክ ብሎ እያየ በሶማሊኛ መናገር ጀመረ። እያንዳንዱን ቃል ከሩቅ እያመጣ፣ መሀል ላይ እያረፈ ነው የሚናገረው፤ ሰውዬውም አላቋረጠውም።

«መስኮቱ... የኔ ነው። ታምሜ ነበር። ቃል ጠፍቶብኝ ነበር። እዚህ... እዚህ ተቀምጬ ነው ያገኘሁት። ይቺ ሴትዮ ሶማሊኛ አላውቅም ትላለች።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከኔም፣ ካንተም የበለጠ ታውቃለች። ለኔ ብላ ነው።»

ከዚያ እናቴ፣ ስንት ወር ሙሉ አንድም ነገር አልገባኝም ስትል የከረመችው እናቴ፣ በጠራ የቡላኦስ ሶማሊኛ ጮኸች።

«ውሸቱን ነው! እንዳትሰማው! ምንም አላውቅም!»

ያለችውን ራሷ ስትሰማ አፏን በሻርፗ ያዘች። ጎረቤታችን ሳቋ ፈነዳ፤ ወዲያው ሁሉም ተከተላት። አፋሩ ሽማግሌ ሚስታቸው ትከሻ ላይ ተደገፉ። ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶን የሚጽፍ መስሎ ቆመ፤ ሲዞር ዐይኑ ቀልቷል። «አቧራው» አለኝ። ነፋስም አቧራም አልነበረም።

ፈቃዱ ኋላ መጣ። መስኮቱ ከዚህ በላይ አይሰፋም፣ ሸራው ከግድግዳው ብዙ አይወጣም፣ ምልክት አይሰቀልም፣ ሰልፍ መንገድ አይዘጋም። የሚጸናውም አባቴ በዚያ ቤት እስከኖረ ድረስ ነው። እናቴ ይህን የመጨረሻውን አስደግማ አስነበበችኝና ሄዳ ሊጧን ማሸት ቀጠለች።

እኔ ግን ከፈቃዱ ይልቅ የማስታውሰው ሰውዬው የሄደ ዕለት ከሰዓት በኋላ የሆነውን ነው። ሙቀቱ በርትቶ መንደሩ ተኝቷል። እናቴ የዐስር ሶላቷን ጨርሳ ሳንቃው ጋ፣ አባቴ አጠገብ ተቀምጣለች። እኔ ወጥ ቤት መጥበሻ አጥባለሁ፤ በሩ ክፍት ነው። እናቴ በአማርኛ ጠየቀችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ሐኪሙ ይረሳል ብሎ...»

«ሶማሊኛሽን?» አላት። «ሰው... እሱን ይረሳል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ያ ሁሉ ላብ፣ ያ ሁሉ ትግል! አንድ ቀን እንኳን አውቃለሁ አትልም?»

አባቴ ቶሎ አልመለሰም። ቃሉን እየፈለገ ነው ብዬ መጥበሻውን አስቀምጬ ጠበቅኩ። ቃሉ አልጠፋበትም ነበር፤ ሲናገር አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም።

«ብነግርሽ ተርጉምልኝ ብለሽ ትጠሪኝ ነበር?»

እናቴ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«አልጠራህም ነበር» አለችው።

«ታዲያ!» አላት።